ለእማዬ የታዘዘው የግላኮማ ጠብታ ተቀየረ፤ ወደ ርካሹ ብንመለስ ምን ችግር አለው?

የፍራንኮ_ልጅ | ሰኞ ማታ

ሰላም የአዳማ ሰዎች። እማዬ 64 ዓመቷ ነው። ግላኮማ፣ ያ የዓይን ነርቭ የሚጎዳው በሽታ፣ አለብሽ ከተባለች ከርሟል። መጀመሪያ የታዘዘላት ቲሞሎል ነበር፤ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጠብታ። ርካሽ ነው፣ በየመድኃኒት ቤቱም አይጠፋም። ባለፈው ቀጠሮ ግን ሌላ ሐኪም አየቻት። ደረቷን አዳመጠችና "አስም አለብዎት እንዴ?" አለቻት። እማዬ "ኧረ የለብኝም፣ ብርድ ሲመታኝ ብቻ ትንሽ ያፍነኛል" ብላ መለሰች። ሐኪሟ ወዲያው ቲሞሎሉን አስቁማ ላታኖፕሮስት ጻፈችላት። ማታ ማታ ብቻ።

ችግሩ ዋጋው ነው። ልዩነቱ የዋዛ አይደለም። እሱን ፍለጋ ከፖስታ ቤት እስከ መብራት ኃይል ዞርኩ። አንድ መድኃኒት ቤት ያገኘሁት ልጅ "ቲሞሎሉም ለግላኮማ ነው፣ እሱን ልስጥሽ፣ ምን ያደርግልሻል ይሄ ሁሉ ወጪ" አለኝ። እማዬም ዋጋውን ስትሰማ "የድሮዬ ይሻለኛል" ብላ ድርቅ አለች።

ዓይን ውስጥ የገባ አንድ ጠብታ ደረት ድረስ ምን ሊያደርግ ይችላል? እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ።

ነገር_አጣሪ | ሰኞ ማታ

ሐኪም ሲቀየር መድኃኒት ይቀየራል፣ አዲስ ነገር አይደለም። ውድ ውዱን መጻፍ ይወዳሉ። ጎረቤታችን ስንት ዓመት ጠብታ ሲያደርጉ ኖረው ምንም አልበራላቸውም። እኔ ብሆን ርካሹን እገዛለሁ።

ፋርማሲስት_ዘአዳማ | ሰኞ ማታ

እህቴ፣ እባክሽ ወደ ቲሞሎል እንዳትመልሻት።

ጠብታው ዓይን ላይ ብቻ አይቀርም። በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ጥግ የእንባ ቀዳዳ አለች። ጠብታው በዚያች ወደ አፍንጫ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ደም ይገባል። የሚዋጥ ክኒን መጀመሪያ በጉበት ያልፋል፤ ጉበት የተወሰነውን ይቀንሰዋል። በአፍንጫ የገባው ግን ጉበት ሳይነካው ነው ልብና ሳንባ ጋ የሚደርሰው። ስለዚህ መጠኑ ትንሽ ነው ብለሽ አትናቂው።

ቲሞሎል ቤታ ብሎከር ነው። ለልብና ለደም ግፊት ከሚታዘዙት ከፕሮፕራኖሎልና ከአቴኖሎል ጋር አንድ ወገን ነው። አስም ያለበት ሰው ላይ የአየር ቧንቧውን ያጠብበዋል። የልብ ምቱ የዘገየ ሰው ላይ የባሰ ሊያዘገየው ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ስኳሩ ሲወርድ የሚሰማው የልብ ድለቃ ሊደበቅበት ይችላል። "ብርድ ሲመታኝ ያፍነኛል" ያሉት ነገር ሐኪሟን ያስደነገጣት ለዚህ ነው። በእኔ ግምት ጎበዝ ሐኪም ናት። ብዙ ሰው "አስም" ሲባል የለብኝም ይላል፣ "ሌሊት ያስነሳዎታል? ያፍንዎታል?" ሲባል ግን አዎ ይላል።

ቲሞሎል መጥፎ መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1978 ከተፈቀደ ጀምሮ የስንቱን ዓይን አቆይቷል። ደረቱና ልቡ ደህና ለሆነ ሰው ዛሬም ጥሩ ነው። ለእናትሽ ግን አይሆንም። ያ ልጅም በራሱ መቀየር አልነበረበትም። ካጣው "የለኝም" ማለት፣ ካልሆነም ሐኪሟ ጋ ደውሎ መጠየቅ ነው ያለበት።

ሬዚደንቱ | ማክሰኞ ጠዋት

የዓይን ሕክምና ስፔሻሊቲ ተማሪ ነኝ። ከላይ "አልበራላቸውም" የምትለዋን ሳያት ማለፍ አቃተኝ፤ ክሊኒክ ውስጥ በየቀኑ የምሰማት ነገር ናት።

የግላኮማ ጠብታ እንዲያበራ አይደለም የሚታዘዘው። የተጎዳ የዓይን ነርቭ አይመለስም፣ በጠብታም፣ በሌዘርም፣ በቀዶ ጥገናም። የምንታገለው ለቀረው ነው። ሰው ግን የዓይን ሞራ ተሠርቶ በማግስቱ ያየ ዘመድ አለውና ከግላኮማም እንደዚያ ይጠብቃል። ጠብታ ጀምሮ ለውጥ ሲያጣ "አልሠራልኝም" ብሎ ይተወዋል። የጎረቤትዎን ባላውቅም፣ ጠብታውን ባያደርጉ ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር የሚለውን ማንም አላየም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ አስቡት። ዓይን ውስጥ ፈሳሽ ሁልጊዜ ይመረታል፣ ሁልጊዜም ይወጣል። መውጫው ሲጠብ ግፊቱ ይጨምርና ከኋላ ያለውን ነርቭ ይጎዳል። ቲሞሎልና ዶርዞላማይድ የሚባል ሌላ ጠብታ የሚገባውን ይቀንሳሉ። ላታኖፕሮስት በሌላ በኩል የሚወጣበትን መንገድ ያሰፋል። ብሪሞኒዲን የሚባለው ጠብታ ሁለቱንም በመጠኑ ይሠራል።

ማዘዣ ስንጽፍ ደግሞ ግፊቱን ብቻ አይተን አይደለም። የተለመደው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው ይባላል፤ ግን በ18 ነርቩ የሚጎዳ ሰው አለ፣ በ24 ለዓመታት ደህና የሆነም አለ። ነርቩ ምን ያህል እንደተጎዳ ይታያል፣ የጎን እይታው በማሽን ይለካል፣ ከዚያ "ለዚህ ሰው ግፊቱ እዚህ ድረስ መውረድ አለበት" ይባላል። ላታኖፕሮስት ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 30 በመቶ ገደማ ያወርዳል፤ ቲሞሎል ከዚያ ትንሽ ያንሳል። ከሳምንታት በኋላ ተጠርታችሁ የምትለኩት ለዚህ ነው። ካልሠራ በላዩ ሌላ ከመደረብ በፊት እሱኑ መቀየር ይሻላል።

ከዚያ ጥያቄዎቹ ይመጣሉ። ትንፋሽ? ልብ? ኩላሊት? ባክትሪም የሚባለውን የሰልፋ መድኃኒት ወስዶ ሰውነቱ ያበጠ ሰው ነው? እጃቸው ይንቀጠቀጣል? ማን ነው የሚያደርግላቸው? ፍሪጅ አለ? እና መግዛት ይችላሉ? የመጨረሻዋን ብዙዎቻችን እንዘላታለን። የማይገዛ ጠብታ መጻፍ ካለመጻፍ አይለይም። ስለዚህ የፍራንኮ ልጅ፣ ዋጋው ከብዷችሁ ከሆነ ለሐኪሟ በግልጽ ንገሯት። ከላታኖፕሮስት ውጪ ቲሞሎል የሌለበት ሌላ አማራጭ ልታይ ትችላለች። ዝም ብሎ ከማቆም ይሄ ይሻላል።

ጋሽ_ወንጂ | ማክሰኞ ቀትር

ልጆቼ፣ እኔ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ በጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በግላኮማ ጠብታ ዓመታት ቆጥሬአለሁ። የቀኝ ዓይኔ ከመታወቁ በፊት ሄዷል፣ የግራው ግን አሁንም ጋዜጣ ያነባል።

አደራረጉን ልንገርሽ፣ ገንዘብ ይቆጥብልሻል። እጅ መታጠብ። ጭንቅላትን ወደ ኋላ ማዘንበል፣ ወይም መጋደም። የታችኛውን ሽፋን በጣት ሳብ አድርጎ ኪስ ማበጀት። አንዲት ጠብታ፣ በቃ። ዓይን ከአንዲት ጠብታ በላይ መያዝ አይችልም፣ ሌላው ጉንጭ ላይ ነው የሚወርደው። የብልቃጡ ጫፍ ዓይንም ሽፋሽፍትም አይንካ። ከዚያ ዓይንን ጨፍኖ፣ አፍንጫ ጋ ያለውን ጥግ በጣት ጫን አድርጎ ሁለት ሦስት ደቂቃ መቆየት። ያኔ መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ ይቀራል፣ ወደ አፍንጫና ወደ ደም የሚሄደውም ይቀንሳል። ሁለት ዓይነት ጠብታ የታዘዘለት ሰው በመሃል ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይጠብቅ፤ አለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦ ያወጣዋል።

አንድ ወቅት ግፊቴ አልወርድ ብሎ ዳያሞክስ የሚባል ክኒን ሰጥተውኝ ነበር። የጣቶቼን ጫፍ ይነዝረኝ ነበር፣ ሽንት ቤት ያመላልሰኛል። የምወደው አምቦ ውሃ እንኳ ብረት ብረት አለኝ! ጠብታ ምን ያህል ቀላል ነገር እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

አንድ ባልደረባዬ ደግሞ ቀጠሮ ሲደርስ ሲደርስ ብቻ ነበር የሚያደርገው። ሲለካ ግፊቱ ጥሩ ነው፣ ሐኪሙም ደስ ይለዋል፣ እይታው ግን እየጠበበ ሄደ። ማንም ምክንያቱን ሊያውቅ አልቻለም፣ እስኪናገር ድረስ።

የፍራንኮ_ልጅ | ማክሰኞ ማታ

ገለቶማ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። እኛ ቤት እኮ በአንድ ዓይን ሦስት አራት ጠብታ ነበር የሚፈሰው፤ እማዬ "ገብቷል አልገባም" እያለች።

ሁለት ጥያቄ። ብልቃጡ ላይ በፍሪጅ ይቀመጥ ይላል። መብራት ሲጠፋስ? ይሄ የአዳማ ሙቀት እያለ? ደግሞ የአክስቴ ልጅ ላታኖፕሮስት የዓይን ቀለም ይቀይራል ብላ አስፈራርታናለች።

ፋርማሲስት_ዘአዳማ | ማክሰኞ ማታ

ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ ማለትም ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በረዶ ቤት ውስጥ ግን አይገባም። ከተከፈተ በኋላ እስከ 25 ዲግሪ ድረስ ውጪ መቆየት ይችላል፤ እንደ አምራቹ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። የእኛ ከተማ በሚያዝያና በግንቦት ከ30 ስለሚያልፍ ከተከፈተም በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ብታቆዪው ነው የምመክርሽ። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ ምንም አይሆንም። ባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ ወይም ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ግን በፍጹም። የከፈትሽበትን ቀን በእስክሪብቶ ብልቃጡ ላይ ጻፊበት።

2.5 ሚሊ ሊትሩ ብልቃጥ ወደ 80 ጠብታ ገደማ ይወጣዋል። ለሁለት ዓይን በቀን አንድ አንዴ ማለት በወር 60 ነው። እንደ ጋሽ ወንጂ ካደረጋችሁ ወሩን ይሸፍናል። ሦስት አራት ካፈሰሳችሁ ሳምንት ከምናምን ነው።

የቀለሙ ነገር እውነት አለው። ቀለሙ ቅልቅል የሆነ፣ ለምሳሌ አረንጓዴና ቡኒ ያለበት ዓይን ላይ ብሌኑ ዙሪያ ሊጠቁር ይችላል። እንደኛ ጥቁር ቡኒ ዓይን ላይ ግን ለውጡ እምብዛም አይታይም። ዓይን መጀመሪያ አካባቢ ሊቀላ ይችላል። ሽፋሽፍትም ያረዝማል፤ እንዲያውም የዚሁ ዘመድ የሆነው ቢማቶፕሮስት እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ ለሽፋሽፍት ማስረዘሚያ ተፈቅዷል። እናትሽ ኩል ላያስፈልጋቸው ነው 😄

አንድ ነገር ደግሞ፦ "ቢበዛ ይሻለኛል" ብለው በቀን ሁለቴ እንዳያደርጉት። ላታኖፕሮስት ሲደጋገም ሥራው ይቀንሳል።

ባጃጅ_27 | ረቡዕ

እኔ 41 ዓመቴ ነው። ከግራ በኩል የሚሻገር ሰው ድንገት ነው የሚከሰትብኝ። ሁለቴ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ፊት ለፊት ግን ጥርት ብሎ ይታየኛል፣ ታርጋ አነባለሁ። አባቴ በስተርጅና ዓይነ ስውር ነበር፣ ምን እንደነበር ማንም አልነገረንም። ይሄ የአዳማ ንፋስና አቧራ ደግሞ ዓይኔን ያሳክከኛል፤ ሲብስብኝ ዴክሳ ጠብታ ገዝቼ አደርጋለሁ፣ ወዲያው ነው የሚያስተወኝ። እሱ ለግላኮማም ይሆናል?

ሬዚደንቱ | ረቡዕ

ወንድሜ፣ አይሆንም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው። ለሳምንታት ሲደጋገም የዓይን ግፊትን ይጨምራል። ከሦስት ሰው በአንዱ ላይ ገደማ በመጠኑ ይወጣል፣ በጥቂቶች ላይ ደግሞ በጣም። ሕመም ስለሌለው አታውቀውም፤ ማሳከኩ ስለሚተውህ እንዲያውም የተሻለህ ይመስልሃል። በዚህ ከተማ ዓይናቸውን የሚያሳክካቸው ሕፃናት ብዙ ናቸው። እናቶች የአንዱን ልጅ ብልቃጥ ለሌላው እያዋሱ፣ ያለማዘዣ እየገዙ ወራት ያስቆጥራሉ። እኔን ከግላኮማው ራሱ ይልቅ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም መቅረት የሚችል ነው። ዴክሳ በራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሐኪም እያየህ፣ ግፊትህ እየተለካ ነው የሚወሰደው።

አንተ ግን ይሄን ሳምንት እንዳታሳልፈው። አባትህ፣ የጎን እይታህ፣ ዴክሳው... ሦስቱም አንድ ላይ ናቸው። ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ ግላኮማ ያለበት ሰው ከሌላው በብዙ እጥፍ የተጋለጠ ነው። አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ወይም የዓይን ሐኪም ያለበት ክሊኒክ ሂድና ግፊት፣ ነርቭና የጎን እይታ እንዲታይልህ ጠይቅ። ዴክሳ ስታደርግ እንደነበር ተናገር፣ ብልቃጡንም ይዘህ ሂድ። እስኪታይህ ድረስ ማታ ማታ ባትነዳ ይሻላል።

ባጃጅ_27 | ረቡዕ

እሺ። ነገ ጠዋት።

ኡሙ_ሀያት | ረቡዕ ማታ

አሰላሙ ዐለይኩም። እናቴ በረመዳን ቀን ላይ ጠብታ አላደርግም ትላለች። ወሩን ሙሉ እንዳትተወው ነው ሥጋቴ።

ፋርማሲስት_ዘአዳማ | ረቡዕ ማታ

ወዐለይኩም ሰላም። የዓይን ጠብታ ጾም አይሽርም የሚሉ ዑለማዎች ብዙ ናቸው፤ ለልብሽ ግን የመስጊዳችሁን ኢማም ጠይቂ። በማታ አንዴ የሚደረግ ከሆነ ችግሩ ከሥሩ ይፈታል፣ ከኢፍጣር በኋላ ነው። በቀን ሁለቴ ከሆነ በሱሁርና ከኢፍጣር በኋላ ይሆን እንደሆነ ሐኪሟን ጠይቂ። ሦስቴ የሚደረግ ከሆነ ደግሞ ረመዳን ሳይገባ ማዘዣው እንዲታይ አድርጊ። ጭራሽ መተው ግን አይሆንም። ወር ሙሉ ግፊት ከፍ ብሎ ከቆየ የሚሄደው እይታ አይመለስም።

ጋሽ_ወንጂ | ረቡዕ ማታ

እኔም ጠበል ስሄድ ጠብታዬ ኪሴ ውስጥ ናት። የነፍስ አባቴ ራሳቸው "መድኃኒቱን አደረግህ?" ብለው ይጠይቁኛል።

ነገር_አጣሪ | ሐሙስ

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ጠብታ ዕድሜ ልክ ከሚገዛ ሌዘር ተደርጎ አይገላገሉም ወይ? ውጭ አገር እንደዚያ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ሬዚደንቱ | ሐሙስ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እውነትም አለህ። እንግሊዝ ውስጥ የተደረገ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። አዲስ ግላኮማ ወይም ከፍ ያለ የዓይን ግፊት የተገኘባቸውን ሰዎች ገሚሱን በጠብታ፣ ገሚሱን በሌዘር ጀመሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሌዘር ከጀመሩት 74 በመቶው ያለ ምንም ጠብታ ግፊታቸው በተፈለገው ልክ ነበር። ስለዚህ ሌዘር መጀመሪያም ሊታሰብ ይችላል። ግን ማሽኑ በየከተማው የለም፣ ለሁሉም ዓይነት ግላኮማ አይሆንም፣ ኃይሉም በዓመታት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል። ክትትሉ ደግሞ በጭራሽ አይቀርም። ጠብታ ለመግዛት ለሚቸገር ቤተሰብ ግን "ሌዘር ይሆናት ይሆን?" ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ሐኪሙ ካላነሳው እናንተ አንሱት።

የፍራንኮ_ልጅ | አርብ ማታ

ደስ የሚል ዜና! ዱባይ ያለው ወንድሜ የዋጋውን ነገር ሲሰማ ገዝቶ በሰው ልኮልናል፣ ዛሬ ደረሰ። እዚህ የተጻፈልን ማዘዣ ላይ በቅንፍ "ዛላታን" ይላል። እሱ የላከው "ዛላኮም" ይላል፣ ከሥሩ ላታኖፕሮስት ተብሎ ተጽፏል። ሁለት ብልቃጥ። ዛሬ ማታ ልጀምርላት?

ፋርማሲስት_ዘአዳማ | አርብ ማታ

አትጀምሪ!! ካርቶኑን እስኪ እንደገና አንብቢው። ከላታኖፕሮስት ቀጥሎ ምን ይላል?

የፍራንኮ_ልጅ | አርብ ማታ

ኧረ በማርያም። "እና ቲሞሎል" ይላል። በትንሹ።

ፋርማሲስት_ዘአዳማ | አርብ ማታ

አዎ። ዛላታን ላታኖፕሮስት ብቻ ነው። ዛላኮም ውስጥ ግን ላታኖፕሮስትና ቲሞሎል በአንድ ብልቃጥ አሉ። ሁለት ጠብታ ለታዘዘለት ሰው ምቹ ነው፤ ለእናትሽ ግን ያቆሙት መድኃኒት በጓሮ በር ተመልሶ መግባቱ ነው። ዶርዞላማይድና ቲሞሎል፣ ብሪሞኒዲንና ቲሞሎል የሚባሉም ቅይጦች አሉ። አስም ያለበት ሰው ቤተሰብ የካርቶኑን ፊት ሳይሆን የውስጡን ስም ሁሉ ይይ። ወንድምሽ ጥፋት የለበትም፣ ስሙ ነው የሚያሳስተው። ማዘዣውን ፎቶ አንሥተሽ ላኪለት፣ "ላታኖፕሮስት ብቻ፣ 0.005 በመቶ" ብለሽ ጻፊለት። የሚያመጣው ሰውም በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ይያዘው፤ ፀሐይ ያቃጠለው ብልቃጥ ገንዘብ መጣል ነው።

የፍራንኮ_ልጅ | ቅዳሜ

ትናንት ማታ አላደረግንላትም። ዛሬ እዚሁ አንድ ብልቃጥ ላታኖፕሮስት ገዛን፤ ወንድሜም ብሩን ላከ። ለሐኪሟም ደወልኩ፣ ቀጠሮው ላይ ስለ ሌዘር እንነጋገራለን አለችኝ፣ እኔና ወንድሜም እንድንመረመር ነገረችኝ። እማዬ ደግሞ ቲሞሎሉን ካቆመች ወዲህ ሌሊት አልነቃችም። "ብርዱ ስለቀነሰ ነው" ትላለች፣ አሁንም አልተሸነፈችም።

ባጃጅ_27 | ቅዳሜ

ታየሁ። ግራው ግፊቱ ከፍ ብሏል፣ ነርቩም ተነክቷል አሉኝ። ዴክሳውን አስቁመውኝ ቲሞሎል ጻፉልኝ፤ ደረቴንና የልብ ምቴን አይተው ነው። በሁለት ሳምንት ተመለስ ተብያለሁ። ወንድሞቼንም ይዤ እሄዳለሁ።

ነገር_አጣሪ | ቅዳሜ ማታ

የፍራንኮ ልጅ፣ ያ ዛላኮም ታዲያ እዚያ ተቀምጦ ሊበላሽ ነው? አባቴ ግላኮማ አለበት፣ ቲሞሎልና ላታኖፕሮስት ለየብቻ ነው የሚያደርገው። አስም የለበትም። በግማሽ ዋጋ እወስደዋለሁ።

ፋርማሲስት_ዘአዳማ | ቅዳሜ ማታ

የታዘዘለት ሁለቱም ከሆነ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ ግን በስልክ ገበያ አይሆንም። ዛላኮም በቀን አንዴ ነው፤ አባትህ የየብቻውን ብልቃጥ ሳያቆም በላዩ ቢጨምረው ቲሞሎሉ ይደራረብበታል። ሰኞ የአባትህን ማዘዣና የልብ ምቱ የተለካበትን ካርድ ይዘህ ሐኪሙ ጋ ሂድ። እሱ ካለ ውሰደው፣ የፍራንኮ ልጅ እስከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ታቆይልህ።

የፍራንኮ_ልጅ | ቅዳሜ ማታ

አቆይልሃለሁ። ግማሽ ዋጋ ግን ወንድሜን ጠይቄ ነው።